ያኮረፈችው ወፍ ስኒዎች

የልጅ ልጆቼ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጡና አጠገቤ ቁጭ ብለው፣ «አያቴ፣ አንቺ እግርሽ የማይረጋ ሰው ነበርሽ ይላሉ። ታዲያ ሞያሌ ላይ እንዴት ቀረሽ? ንገሪን» አሉኝ። «በስኒ ምክንያት» ስላቸው ተያይተው ሳቁ፤ የቀለድኩ መሰላቸው። ከሳቁ አይቀር ብዬ ደብተርና እስክሪብቶ አስመጣሁና ይኸው እጽፋለሁ። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል ያስቆጠረኝ ባሌ ነው፣ እሱም በመኪና መስታወት አቧራ ላይ በጣቱ እየጻፈ። ስለዚህ ፊደሌ ቢንጋደድ በአቧራው አመካኙ።

ባሌ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ዲላ ተጋብተን፣ ዲላ አንዲት ልጅ ወለድን። እሱ ከሞተ በኋላ እኔም እንደ እሱ መንገደኛ ሆንኩ። ሻሽ፣ ክርና መርፌ እየቸረቸርኩ ወደ ታች ወረድኩ፤ ሀገረ ማርያም፣ ያቤሎ፣ ሜጋ። አንድ ቦታ ከሁለት ዓመት በላይ አልቆይም። የሚያሳፍረኝ ነገር ሲገጥመኝ አልከራከርም፣ አላስረዳም፤ ጓዜን አንስቼ እሄዳለሁ። ልጄ አድጋ ማርሳቢት አገባች፣ እኔም ድንበሩን ተሻግሬ በኬንያው ሞያሌ ሀቢባ የምትባል ሴት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ጊዜው በፈረንጅ አቆጣጠር ሁለት ሺህ ካለፈ ከጥቂት ዓመት በኋላ ነው፤ ሞባይል ያለው ሰው በጣት የሚቆጠርበት።

ጓዜ በአቡጀዲ የታሰረ ትልቅ ጥቅል ነበር። ከዲላ ከወጣሁ ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ፈትቼው አላውቅም። የምፈልገውን ከጎኑ እጄን እየሰደድኩ አወጣለሁ። ጠረጴዛ ስለሌለኝ ትሪም፣ ሳህንም፣ ፋኖስም የማስቀምጠው በዚያው ጥቅል ላይ ነው።

ሀቢባ እኩያዬ ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ወፍራም፣ ድምፀ ትልቅ። የተወለደችው ኬንያ ነው። አማርኛውን የለመደችው ማዶ ካሉ ነጋዴዎች ጋር ስትከራከር ነው። ስትቆጣ በቦረንኛ፣ ስትቆጥር በስዋሂሊ፣ ስትቀልድ በአማርኛ ነበር የምትናገረው። ከእኔ ጋር ሁልጊዜ በአማርኛ ነው የምታወራው፣ እንግዲህ ገምቱ።

ይህቺ ሴት ከነፍሷ ቀጥላ የምትወደው አንድ ነገር ቢኖር ስኒዎቿን ነው። ስድስት የሻይ ስኒ ከነማስቀመጫቸው። ድሮ አንድ ነጋዴ ከሞምባሳ አንድ ጊዜ ብቻ በሳጥን አምጥቶ የሸጣቸው ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ አልመጡም። ነጭ ናቸው። ከንፈራቸው ላይ ቀጭን አረንጓዴ መስመር ዞሯል። ከጎን የሮማን ዛፍ ቅርንጫፍ፣ ቅርንጫፉ ላይ አንዲት ሰማያዊ ወፍ። ወፏ ግን ጀርባዋን ሰጥታችሁ ነው የቆመችው፤ አንገቷን ትንሽ ጠምዝዛ በአንድ ዓይኗ ብቻ ታያችኋለች። የሞያሌ ሴቶች «ያኮረፈችው» ብለው ሰይመዋታል። ሻዩን ስትጨርሱ ደግሞ ከስኒው ውስጥ፣ ከታች፣ አንዲት ቀይ የሮማን ፍሬ ብቅ ትላለች። የተኮረፈባት ፍሬ እሷ ናት ይላሉ።

አንድ ረቡዕ የልጄ የባሏ እናትና አባት ከማርሳቢት ሊጠይቁኝ መጡ። ሀቢባ ሳልለምናት ስኒዎቹን በትሪ ይዛ ገባች።

«በጣሳ ልታጠጫቸው ነው? የልጅሽን ፊት ልታጠቁሪ?»

«ሀቢባ፣ እፈራለሁ። ውሰጃቸው።»

«ስኒ አይናከስም» ብላ አስቀምጣልኝ ሄደች።

እንግዶቹ ጠጡ፣ ተጫወቱ፣ መርቀውኝ ሄዱ። ስኒዎቹን በሳፋ አጠብኩና እንዲደርቁ ከነትሪው በጥቅሌ ላይ አስቀመጥኩ። ከዚያ ሻሽ ፈለግሁ። እንደ ልማዴ እጄን ከጎን ሰድጄ ሻሹን ሳብ ሳደርግ ጥቅሉ ተናደ። ትሪው ቀስ ብሎ፣ አስፈቅዶ እንደሚሄድ ሰው፣ ወደ መሬት ተንሸራተተ።

ሁለት ስኒና አንድ ማስቀመጫ ደቀቁ።

ከግንቡ ወዲያ የሀቢባ ድምፅ መጣ። «አበቡ፣ ምንድነው የወደቀው?»

«የድስት ክዳን ነው።»

«ክዳንሽ ድምፁ ቀጭን ነው» አለች።

ነገሩ የስኒ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። የሀቢባ የመጨረሻ ልጅ ረሂማ ልትዳር ነው፤ እሁድ። በሀቢባ ዘመዶች ዘንድ የሙሽራዋ እናት ለሙሽራው እናት ሻይ ይዛ ትሄዳለች፣ ትሪው ላይ ያሉት ስኒዎች አንድ መልክ መሆን አለባቸው። የተቀላቀለ ስኒ ከቀረበ «ይህች ልጅ ከየቤቱ ተለቃቅማ ያደገች ናት» እንደማለት ይቆጠራል። ሀቢባ ደግሞ ረሂማን ያለ አባት ነው ያሳደገቻት። ያንን ቃል ከማንም አፍ መስማት የማትፈልግ ሴት ናት። እኔ ያን ትሪ ነው ያፈረስኩት።

ስብርባሪውን በከረጢት ቋጥሬ ደበቅሁት። ሐሙስ ጠዋት ጥቅሌን ተሸክሜ ወጣሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ልሄድ ነበር። ሶሎሎ ይሁን ማርሳቢት አላውቅም፣ ብቻ ልሄድ። የግቢው በር ላይ ሀቢባ ቆማለች።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ሶኮ፣ ወደ ገበያው።»

«ከነሙሉ ጓዝሽ?»

«ሻሹን አውጥቼ ልሽጥ ብዬ።»

«እንግዲያው በዚያው ልብስ ሰፊውን ዓሊን ስለ ረሂማ ቀሚስ ጠይቂልኝ። ደርሷል ወይ በዪው። መልሱን ደግሞ ራስሽ አምጪልኝ።»

በልቤ «ይህ ደግሞ ከየት የመጣ ጣጣ ነው» እያልኩ ሄድኩ። ዓሊ ሽማግሌ ነው፤ መነጽሩን በክር ጆሮው ላይ ያሰረ።

«የረሂማ ቀሚስ ደርሷል?» አልኩት።

«የቱ ቀሚስ?» አለና ትንሽ አሰበ። «ኧ፣ አዎ፣ የረሂማ። ነገ በያት።»

ይህን እያለ የልብስ ቁልፎች ለማንሳት እጁን ዘረጋ። ቁልፎቹ ያሉበት ሳህን ላይ ዓይኔ አረፈ። አረንጓዴ መስመር። ቁልፎቹን በጣቴ ገለል አደረግሁ። ሰማያዊ ጅራት፣ ሰማያዊ ጀርባ፣ ከዚያ ያቺ አንድ ዓይን ብቅ አለች። እግሬ ስር ያለው መሬት የተነሳ መሰለኝ። ጥቅሌን አውርጄ፣ ሳህኗን ከነቁልፏ አንስቼ ሳምኳት።

«እማማ» አለ ዓሊ፣ «ባሌ ነው ብለሽ የምትስሚው የእኔን ዕቃ ነው?»

«ዓሊ፣ በሞቴ ስጠኝ።»

«ቁልፎቼስ የት ይደሩ?»

ክርና መርፌ የማስቀምጥበትን ከነክዳኑ የሆነ ቆርቆሮ አወጣሁለት። ከፈተው፣ ዘጋው፣ ደግሞ ከፈተው። «ይሄ ክዳን አለው» ብሎ ተስማማ።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። አንዷ ካለች ሌሎቹም አሉ ማለት ነው። በሞያሌ ቤቶች ውስጥ፣ ከየመደርደሪያው ሥር፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል። ሶሎሎን ረሳሁት። ቀኑን ሙሉ ከዱካ ዱካ ዞርኩ፤ እዚህ ሱቅን ዱካ ነው የሚሉት። አንዱ ባለሱቅ ደስ ብሎት አንድ ስኒ አወጣልኝ። ሰማያዊ ወፍ፣ ሮማን፣ ሁሉም አለ። ግን ወፏ ፊት ለፊት ታየኛለች።

«ይቺ አይደለችም» አልኩት።

«ማማ፣ ያው ወፍ ነው።»

«ይቺ ትስቃለች። የኔዋ ያኮረፈች ናት።»

«የሳቀችውን ትተሽ ያኮረፈችውን ፍለጋ? አንቺ ባል አግብተሽ ታውቂያለሽ?»

ከዚያ ሱቅ እየሳቅሁ ወጣሁ። ሲመሽ ለሀቢባ «ቀሚሱ ነገ ነው» አልኳት። «አመሰግናለሁ» አለችና፣ «ነገ ደግሞ ቦሪ ያለችውን ዘመዴን ዘይነብን ሰርግ ጥሪልኝ፤ የሚላክ ሰው የለኝም» አለችኝ። እምቢ ልል ነበር። ግን የሰበርኩት ስኒ አፌን ያዘኝ።

አርብ በእግሬ ቦሪ ደረስኩ። ዘይነብ ከቤቷ በር ላይ ስኳርና ሻይ ቅጠል ትቸረችራለች። ሰላም ብዬ፣ ጥሪውን አድርሼ ሳልጨርስ እጇን ወደ ስኳር ጆንያው ሰደደች። ስታወጣው ያኮረፈችው ወፍ ስኳር ተሸክማ ወጣች። ሳቄ አመለጠኝ።

«ምን አየሽ?» አለችኝ።

ነገርኳት። ለማንም ያልተናገርኩትን ለማላውቃት ሴት ተናገርኩ፣ «ለሀቢባ እንዳትነግሪ» ብዬ። ዘይነብ ከንፈሯን ነክሳ ሰማችኝ።

«እኔስ በሰጠሁሽ» አለች፣ «ግን ቦሪ ሁሉ የሚያምነው ይህችን ስኒ ነው። በሌላ ከሰፈርኩ አሳነሰች ይሉኛል።»

ሦስት ሴቶች ስኳር ሊገዙ ቆመዋል። እነሱን ዳኛ አደረግን። ዘይነብ አንድ የቲማቲም ጣሳ አመጣች። በስኒው ሰፍረን ወደ ጣሳው ገለበጥን፤ ጣሳው አልሞላም። ከንፈሩን በድንጋይ ወደ ውስጥ ቀጠቀጥንና ደግመን ሰፈርን። አንዷ «አሁንም ጣሳው ይበልጣል» ስትል ሌላዋ «ቢበልጥ ለአንቺ ነው፣ ዝም በዪ» አለቻት። በመጨረሻ ሦስቱም እሺ አሉ። ስኒዋ ከስኳር ነፃ ወጣች። አጥቤ ወደ ፀሐይ አነሳኋት። ከታች ያቺ ቀይ ፍሬ በብርሃኑ ውስጥ ታበራለች። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ የተራመድኩበት መንገድ የለም።

ስሄድ ዘይነብ ጠራችኝ። «ኦቦ የሚባለው መንደር፣ አኮ ጡሜ ጋ አንድ አለ። ነገ በወተት መኪና ሂጂ።» አኮ በቦረንኛ አያት ማለት ነው።

ቅዳሜ ወተት የሚያመላልሰው ፒክአፕ ላይ ተሳፈርኩ። ባዶ ጄሪካኖች መሃል ተቀምጬ፣ መንገዱ ጉልበቴን ከአገጬ እያገናኘ፣ ኦቦ ደረስኩ። ሹፌሩ «እኩለ ቀን ላይ እመለሳለሁ፤ ጥሩንባ አሰማለሁ፣ ካልመጣሽ እሄዳለሁ» አለኝ። ሌላ መኪና የሚኖረው በነጋታው ነው።

አኮ ጡሜ በጣም ያረጁ፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው የነቃ ሴት ናቸው። ጎጆአቸው በር ላይ ነበሩ። ስኒዋ ከጎናቸው፣ ከእንጨት ግንድ ላይ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች።

«አኮ፣ እቸኩላለሁ፤ አንድ ነገር ልለምንዎት ነው የመጣሁት…»

«ተቀመጪ» አሉኝ።

ቁጢጥ አልኩ።

«ይህ መቀመጥ አይደለም። ይህ ለመሮጥ መዘጋጀት ነው። ተቀመጪ።»

መሬት ላይ ተዘርግቼ ተቀመጥኩ። ስለ ስኒው ስጀምር አቋረጡኝ። የማን ልጅ ነሽ? እናትሽ የት ተቀበረች? ስንት ወለድሽ? ከየት ተነስተሽ መጣሽ? አጠር አጠር አድርጌ እመልሳለሁ፣ ጆሮዬን መንገድ ላይ ጥዬ።

«ከሜጋ ለምን ወጣሽ?»

«የጎረቤቴ ዶሮ ጠፋች። አንዲት ሴት በጎን ዓይኗ አየችኝ።»

«እሺ?»

«ሄድኩ።»

አኮ ጡሜ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «በዶሮ ምክንያት ከተማ ለቀቅሽ? ዶሮዋስ ተገኘች?»

«እንጃ፤ አልነበርኩም።»

«አንቺ ዶሮዋን አልወሰድሽም። በማግስቱ ስትጠፊ ግን ወሰደች ከማለት ሌላ ምን ይበሉ?»

ይህን ነገር ስንት ዓመት ይዤው ስዞር እንደዚህ ገልብጬ አይቼው አላውቅም። ስለ ያቤሎ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ስለ ባሌ ጠየቁኝ። በአቧራ ላይ ፊደል ሲያስተምረኝ ዝናብ መጥቶ ትምህርቱን ሙሉ ያጠበውን ቀን ስነግራቸው ሁለታችንም ሳቅን፣ እኔ ከሳቁ መሃል አለቀስኩ።

ጥሩንባው ተሰማ።

ብድግ አልኩ። «አኮ፣ ስኒዋን ይስጡኝ፣ እባክዎ። ነገ የአንዲት እናት ክብር ነው የሚነካው።»

ስኒዋን አነሱ። ደስ አለኝ። ግን ወተት የበዛበት ሻይ እስከ አፏ ሞሉባትና አቀበሉኝ።

«ሙሉ ስኒ ከቤቴ አይወጣም። ጠጪው።»

ሻዩ ይፋጃል። ጥሩንባው ደግሞ ተሰማ። በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ። ልደፋው እችል ነበር። አሮጊቷ ያዩኛል፣ ወፏ በአንድ ዓይኗ ታየኛለች። ተመልሼ ተቀመጥኩ። የመኪናው ድምፅ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደና ጠፋ። ሻዩን ቀስ ብዬ ጠጣሁ፤ ቀይዋ ፍሬ ብቅ እስክትል።

«አሁን ያንቺ ናት» አሉኝ።

«እርስዎስ በምን ይጠጣሉ?»

«ጣሳ አለኝ። ጣሳ ቢወድቅ ማንም ከተማ አይለቅም።»

እሳቸው ዘንድ አደርኩ። እሁድ ጠዋት የወተቱ መኪና ዘገየ፣ ከዚያ መንገድ ላይ ጎማው ተነፈሰ። ስኒዋን በሻሽ ጠቅልዬ ጡቴ ሥር ይዤ፣ ሹፌሩ ጎማ ሲቀይር ከአጠገቡ ቆሜ እለምነዋለሁ። «እማማ፣ ጎማ በጸሎት አይነፋም፤ ብሎኑን ያዢልኝ» አለኝ። ያዝኩለት። ሞያሌ የደረስነው ከቀትር በኋላ ነው። ግቢው በሴቶች ተሞልቷል፣ ትሪው ወጥቷል፣ አራት ስኒዎች ብቻ አሉበት። ክፍሌ ገብተው አውጥተዋቸዋል።

ሀቢባ አዲስ ልብሷን ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች። «ሁለቱን የት አደረስሻቸው?» አለችኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

«ለብቻ ልጠባቸው ብዬ ነው» አልኩ። የዘይነብን ስኒ ክፍሌ ከደበቅሁበት ጥቅል፣ የአኮ ጡሜን ከጉያዬ አወጣሁ፣ የዓሊን ማስቀመጫ ጨመርኩ። ስድስት ሞሉ።

ሀቢባ አንዷን አንስታ አገላበጠቻት። «አበቡ» አለች፣ «አንቺ ስታጥቢ ስኒ እንኳ ይታደሳል። ይቺ እጀታዋ ላይ ጭረት ነበራት።»

ፊቴ ምን እንደመሰለ አላውቅም። እሷ ግን ትሪውን አንስታ «ከጎኔ ሂጂ» ብላኝ ጉዞ ጀመረች። የሙሽራው እናት ሻዩን ጠጥታ ፍሬዋን ስታይ፣ «ያኮረፈችው፤ ልጅ ሆኜ እናቴ ቤት አንድ ነበረች፣ ስድስት በአንድ ትሪ ግን አይቼ አላውቅም» አለች። ሀቢባ አንገቷን ቀጥ አድርጋ ስትቀመጥ አየሁ። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ነበር፤ ተዘርግቼ።

በማግስቱ ጥቅሌን ፈታሁ። ግድግዳው ላይ ሚስማር መታሁ፣ ቀሚሶቼን ሰቀልኩ፣ ጠረጴዛ አሠራሁ። ከዚያ ወዲህ መዞሬን አልተውኩም። ቦሪ እሄዳለሁ፣ ኦቦም፣ አኮ ጡሜ እስኪያርፉ ድረስ፣ እመላለስ ነበር፤ ሰዎች «ስኒ ፈላጊዋ መጣች» ይሉኛል። ልዩነቱ፣ አሁን ስወጣ የምመለስበት አለኝ። ልጄ ከማርሳቢት ወደ እኔ መጣች፣ እናንተ ልጆቼ እዚህ ተወለዳችሁ። አንድ ጊዜ ሜጋም ተመልሼ ሄጄ ነበር። ዶሮዋ በሦስተኛው ቀን ከነጫጩቶቿ መጥታለች።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምክር የምሰጥ ሴት አይደለሁም። ግን ነገር ሰብራችሁ ጓዝ ማንሳት ካማራችሁ፣ መጀመሪያ አንድ ሦስት ቀን ፈልጉ። የሚገኘው ከምታስቡት በላይ ነው። ያቺ ሳህን ከቁልፍ ሥር ብቅ ስትል የሚሰማውን ደስታ ደግሞ ሳትቀምሱት እንዳትቀሩ።

ለሀቢባ ግን እውነቱን አልተናገርኩም። ጎን ለጎን ከአሥር ዓመት በላይ ስንኖር «ዛሬ እነግራታለሁ» እያልኩ፣ ሳልነግራት ሞተች፤ አላህ ይዘንላት። ከቀብሯ ብዙ ዓመት በኋላ፣ ረሂማ ልጆቿን ይዛ ልትጠይቀኝ መጣችና፣ ሸክሙ ቢከብደኝ ለእሷ ተናዘዝኩ። ረሂማ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«እማዬ እኮ የዚያኑ ዕለት ነው ያወቀችው። ከግንቡ ወዲህ አብረን ቆመን ሰምተናል። ማወቄን ከነገርኳት ትሄዳለች ብላ ነው ዝም ያለችው። ዓሊ ጋም፣ ዘይነብ ጋም አስባ ነው የላከችሽ። ዘይነብም ቀድሞ ተነግሯት ነው ወደ አኮ ጡሜ የመራችሽ።»

ለአኮ ጡሜም አርብ ጠዋት በወተት ሻጮቹ በኩል መልእክት ልካ ኖሯል። ረሂማ ቃል በቃል ነገረችኝ፤ «ነገ አንዲት ሴት ስኒ ፍለጋ ትመጣለች። ይስጧት፤ ግን ሳትቀመጥ እንዳይሰጧት።»